መሬትን አንቱ የሚሉት አያ ቢተው

አያ ቢተው ማረፋቸውን የሰማሁት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ላይ ነው። ታመው ሆስፒታል ገብተዋል ተብዬ ልጠይቃቸው ከቡሬ በጠዋቱ ሚኒባስ መጣሁ። ስወርድ የወንድማቸው ልጅ ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ሲጠብቅ አየሁት። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ምን ሆኑ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«መቼ?» አልኩት።

«ሊነጋጋ ሲል፣ እትየ። አስከሬኑ ወደ ቋሪት ሄዷል። ከአባቴ ጎን ቅበሩኝ ብለው ነበር።»

ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፤ ለቅሶው ላይ ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ከገበዝ ማርያም የመጣ አለ፣ ከዱርቤቴ ድረስ የመጣ አለ። የሚወራው ሁሉ ስለ ውኃ ጉድጓድ ነው። እሳቸው ቆፍረውት የደረቀ ጉድጓድ የለም ይላሉ። እውነት ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። እኔ ግን የማውቃቸው ውኃ ሲያወጡ ሳይሆን ቤት ሲያቆሙ ነው፤ ያውም አንድ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይክቡ። ያንን የምናውቅ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነን፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሰው ሥራ ግማሹ ተነግሮ ግማሹ ሲቀር አልወድም። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የሚጎረብጥ ነገር ካለ አንባቢ ይለፈኝ።

አያ ቢተው አጭር፣ ደረቅ ያሉ ሰው ነበሩ። የቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ብሏል፤ አፈር ሲያወጡ ኖረው ነው። የጣታቸው ጥፍር ውስጥ የገባው ቀይ አፈር በሳሙናም አይለቅም ነበር። አዲስ መሬት ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ጫማቸውን ያወልቃሉ። «ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» ብሎ የሚቀልድባቸው ብዙ ነው። «አይደለም፤ እግሬ ከዓይኔ ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው» ይላሉ።

ሌላም አመል ነበራቸው። መሬትን አንቱ ይሏታል። መቆፈሪያቸውን ከመሰንዘራቸው በፊት ጎንበስ ብለው «እንደምን ከረሙ?» ይላሉ፤ ከዚያ ትንሽ ቆም ይላሉ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። አንድ ቀን እኔው ራሴ ጠየቅኋቸው።

«አያ ቢተው፣ አፈር እንዴት አንቱ ይባላል?»

«በዕድሜ ትበልጠኛለቻ» አሉ። «ደግሞ እንግድነት የምሄደው እሷ ዘንድ ነው። ደጇ ላይ ሆኜ አንቺ ብላት፣ ስገባ ምን ትለኛለች?»

የተዋወቅነው በመሬት ነው። ቡሬ ከተማ ዳር ለአሥራ ሁለት ቤተሰብ የመኖሪያ ቤት ማኅበር አንድ ቦታ ተሰጠን። አስተማሪ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ሸማኔ አለ፤ እኔ አለሁ፣ ከልጅ ልጄ ከትርንጎ ጋር፤ አያ ቢተውም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ሳይገባ መሠረት ካልወጣ ቦታው ይነጠቃል ተብለናል።

የኔን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት አንድ ቤት ሠርቼ ነበር። ባሌ ከሞተ በኋላ ከገጠር ከብቱን ሸጬ፣ ቡሬ ወንዙ አጠገብ የሠራሁት ቤት ነው። በሦስተኛው ዓመት ግድግዳው ለሁለት ተሰንጥቆ እጅ የሚያሳልፍ ሆነ። በሩ ክረምት ክረምት አልዘጋ፣ በጋ በጋ አልከፈት ይለኛል። በመጨረሻ አንደኛው ጎን ወደቀ። እግዜር ይመስገን፣ ትርንጎ ትምህርት ቤት ነበረች። ከዚያ ወዲህ በሰው ቤት በኪራይ ነው የኖርነው። ሦስተኛ ቤት የምሠራበት ዕድሜም ጉልበትም እንደሌለኝ አውቀዋለሁ። ይህ ሁለተኛው ከወደቀ ትርንጎ ሜዳ ላይ ቀረች ማለት ነው።

ቦታውን ያየነው በሰኔ ነው። ላይኛው ዳገት ድንጋያማ ነው፤ ቀጋና አጋም የበቀለበት፣ ፍየል እንኳ የሚሰለቸው። ታችኛው ለጥ ያለ፣ ጥቁር አፈር፣ ሣሩ ጉልበት የሚደርስ። ለመንገዱም ቅርብ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ አፈሩን በእጄ ዘገንኩና ፈጨት አደረግሁት። አባቴ እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጤፍ ሲዘራ እያየሁ ነው ያደግሁት።

«ይህ አፈር ቅቤ ነው» አልኩ።

ከኋላዬ አንድ አጭር ሰው በባዶ እግራቸው ቆመዋል። «ቅቤ ላይ ቤት ይቆማል?» አሉ፤ እንደ ቀልድም አላሉት፣ ሄዱ።

ሁሉም የፈለገው ታቹን ነው። ከሁላችንም መሬት የማያውቅ የለም፤ ነጋዴውም ሸማኔውም የገበሬ ልጅ ነው። መሬት ስናይ የምናየው ምን እንደሚያበቅል ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር መምህር አለልኝ ነው። እሱና ሦስት ወዳጆቹ ታች ያሉትን አራት ቦታዎች «ለኮሚቴው ድካም» ብለው ሊወስዱ ተነሱ። እኔ ተጣላሁ። ለሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞርኩ ተጣላሁ። ዕጣ ካልወጣ ፊርማዬን አልሰጥም ብዬ አሸነፍኩ።

ዕጣው ሊወጣ ሲል ነው አያ ቢተው በስብሰባ መሐል እጃቸውን ያነሱት።

«መሬት ሁለት ፊት አላት» አሉ። «የክረምቱን አይተናል። የበጋውን ሳናይ አንካፈል፤ እስከ የካቲት እንቆይ። ታቹን ፈርቼዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። እኔ ሁለት ሳምንት ተሟግቼ ያመጣሁት ዕጣ ነው።

«አያ ቢተው» አልኩ ብድግ ብዬ፣ «ቆፋሪ ቁፋሮ እንዲበዛለት ይመኛል። ታቹን አስፈርተው አስጥለው ኋላ ለራስዎ ሊያደርጉት ነው?»

እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«መጠርጠር ደግ ነው» አሉ። «እንግዲያ እኔ አልቆፍርም። የካቲት ሲመጣ አንቱ ይቆፍሩ፣ እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ።»

«እትየ ይታይሽ ዶማ ይዘው!» አለ መምህር አለልኝ። ሰው ሳቀ።

«አንተ ጠመኔ ከያዝክበት ዘመን በፊት ነው ዶማ የያዝኩት» አልኩት።

ዕጣው ቆየ፤ በየካቲት ቆፈርኩ። መጀመሪያ ላይኛውን፣ ድንጋያማውን። ጉልበቴ ሳይደርስ ዶማው አለት ነክቶ እጄን አነዘረኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለ። አያ ቢተው «ደህና ይሰንብቱ» ብለው መሬቷን ተሰናበቷትና ወደ ታች ወረድን።

ታቹ ሌላ መሬት ሆኗል። ያ በሰኔ ለጥ ያለው ሜዳ በየካቲት ተሰነጣጥቋል። ምርኩዜን ስንጥቁ ውስጥ ብከተው እስከ እጀታው ገባ። ቆፈርኩ። ወገቤ ደረሰ፣ ጥቁር ነው። ደረቴ ደረሰ፣ ጥቁር ነው። ሲደክመኝ ሸማኔው ተቀበለኝ። አንገቱ ጋ ሲደርስ አፈሩ እርጥብ ሆነ፤ የሸምበቆ ሥርም አገኘ። በዚያ ቦታ ሸምበቆ መኖሩን ያየ ሰው በመሐላችን የለም። አያ ቢተው ከሠፈሩ አንዲት አሮጊት አስጠርተው ጠየቋቸው።

«ልጅ ሳለሁ እዚህ ምንጭ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «እንስራ እንሞላ ነበር። ኋላ ጠፋ።»

«አልጠፋም» አሉ አያ ቢተው። «ተኝቷል።»

ከዚያ ከጥቁሩ አፈር ጭብጥ አስወጡ። በውኃ አቦክተው እንደ ትንሽ ዳቦ ጠፍጥፈው ድንጋይ ላይ አሰጡት። በማግስቱ ስንመለስ ያ ዳቦ ኮስሶ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። አንዱን ቁራጭ ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ እያየነው አብጦ ተንዶ ቁጭ አለ።

«ይህ ዋልካ ነው» አሉ። «ክረምት ታብጣለች፣ በጋ ትኮሰምናለች። ቤት ቢሠሩባት በክረምት ታነሳዋለች፣ በበጋ ትጥለዋለች። እሷ ክፉ ሆና አይደለም፣ ጠባይዋ ነው። ጤፉን የምታበቅለውም በዚሁ ጠባይዋ ነው።»

ክረምት የማይዘጋ፣ በጋ የማይከፈት የቤቴ በር ትዝ አለኝ። እዚያው የጉድጓዱ አፈር ላይ ተቀመጥኩ። የወደቀውን ቤቴን ነገርኳቸው። የሠራው ስንሻው የሚባል ግንበኛ ነው፤ ሲሚንቶዬን ሰርቆ ነው ብዬ ለዓመታት ሌባ ስለው ኖሬያለሁ። በሰው ፊት፣ በገበያ፣ በማኅበር ላይ።

«በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አለ።»

«ይቅርታ ይጠይቁታ።»

«እኔ?»

«ቤቱን ያፈረሰችው እሷ ናት» አሉ፣ በእግራቸው ጥቁሩን አፈር ነካ አድርገው። «ስሙን ያፈረሰው ማነው?»

ሦስት ቀን አልተኛሁም። በአራተኛው ቀን ስንሻው ቤት ሄድኩ። አርጅቷል፤ ሥራ ትቶ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ በደልኩህ አልኩት።

«እኔ እኮ ያኔ ነግሬዎት ነበር» አለኝ። «እትየ፣ እዚህ ላይ ይቅር፣ ሌላ ቦታ ይፈልጉ ብዬዎት ነበር። ‹ለገበሬ ልጅ መሬት ታስተምራለህ?› አሉኝ። ረሱት?»

አልረሳሁትም፤ እስኪነግረኝ ድረስ ግን አላስታወስኩትም። ለፍትሕ እቆማለሁ የምል ሴት፣ አንድ ሰው ላይ ያን ያህል ዘመን ቆሜበት ኖሬያለሁ። ስንሻው ይቅር አለኝ። ልጄ፣ የትርንጎ አባት፣ ሲሞት ያለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ።

የዳቦው ወሬ በማኅበሩ ሲሰማ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ትናንት ታቹን ለመውሰድ የሚጋፋው ሁሉ ዛሬ ላዩን ፈለገ። መምህር አለልኝ ስብሰባ ጠራ።

«ይኸው ክረምት እየደረሰ ነው» አለ። «ዕጣው ዛሬውኑ ይውጣ። ለማን ምን እንደሚደርስ እግዚአብሔር ያውቃል። የደረሰውም እንደ ዕድሉ መሠረቱን ያውጣ።»

ዕጣ ዕጣ ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ምን እላለሁ? ደረቅ መሬት የደረሰው ጉልበቱ ድረስ ቆፍሮ ይጨርሳል። ታች የደረሰው የሰው ቁመት ያህል ይቆፍራል፣ አለዚያ አይቆፍርምና ቤቱ ይወድቃል። ዕጣው ቀጥተኛ ነው፤ የሚያደርስበት ቦታ ግን ጠማማ ነው። ይህንን እያሰብኩ ሳለ አያ ቢተው ተነሱ።

«እኛ አገር ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል» አሉ። «ለምን? ከፋዩ የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እኩል አድርጎ ይከፍላል። እኛም እንደዚያ እናድርግ። መሠረቱን መጀመሪያ እናውጣ፣ የአሥራ ሁለቱንም፣ አብረን። ዕጣው ከዚያ በኋላ ይውጣ።»

«ደንቡ መጀመሪያ ዕጣ ነው የሚለው» አለ መምህር አለልኝ።

«ደንቡ ዋልካ አይቶ ያውቃል?» አልኩ እኔ።

ሸማኔው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በሕይወቴ ብዙ ሽማግሌ፣ ብዙ ዳኛ ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም። ጉድጓድ ቆፋሪ ነው የፈረደው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ሆነ። የታችኞቹን አራት ቦታዎች ጥቁር አፈር አውጥተን በፈረስ ጋሪ አጋዝነው፤ ገበሬዎቹ ለእርሻቸው ደስ ብሏቸው ወሰዱት። ጉድጓዱን በድንጋይና በገረጋንቲ ሞላነው፤ ገረጋንቲው እየተደለደለ፣ እየተረገጠ። የተኛው ምንጭ የሚሄድበት ቦይ ከላይ አወጣንለት። የማዘጋጃ ቤቱ ወጣት መሐንዲስ ሊያይ መጣ። ጉድጓዱን አየ፣ ቦዩን አየ፣ «ማን ነው ያዘዛችሁ?» አለ። ወደ አያ ቢተው ጠቆምነው። እሱም አክብሯቸው መሠረቱን ከላይ በብረትና በሲሚንቶ እንደ ቀበቶ እንድናስረው መከረን። አያ ቢተው ያን እንደ ተማሪ ሆነው አዳመጡት። «ይህን አላውቅም ነበር፤ እግዜር ይስጥልን» አሉት። ያንን ዕድሜ ይዞ አላውቅም ነበር የሚል ሰው ስንት አለ?

አንድ ቀን ነጋዴው፣ ቸኩሎ ነው መሰለኝ፣ ታች ካሉት ጉድጓዶች አንዱ ውስጥ ጥቁሩን አፈር ከድንጋዩ ጋር ሲደባልቅ አያ ቢተው አገኙት።

«ይህ ቤት የማን ነው?» አሉት።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ማንም ካላወቀ የአንቱ ነው።»

ነጋዴው ቆሞ ጉድጓዱን አየው። ከዚያ ወርዶ የጣለውን ሁሉ መልሶ አወጣ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው መጠበቅ አላስፈለገም። ሁሉም ሰው አሥራ ሁለቱንም ጉድጓድ እንደ ራሱ ያይ ነበር፤ ማታ ወደ ቤት ስንሄድ የምናወራው ስለ ራሳችን ቤት ሳይሆን ስለ ሦስተኛው፣ ስለ አሥረኛው ነበር። እንደዚያ ዓይነት ወራት ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

መሠረቱ በግንቦት መጨረሻ አለቀ። ዕጣውን በገጠር ልማድ አወጣነው። እያንዳንዱ የራሱ የሆነ ዕቃ ይሰጣል፤ እኔ የቀሚሴን ቁልፍ በጥሼ ሰጠሁ፣ አያ ቢተው ቀይ ጠጠር ሰጡ። አስቀማጩ እኛን የማያውቅ ሰው መሆን አለበትና በመንገዱ የሚያልፍ ጋሪ ነጂ ለመንን። ከኮፍያ ውስጥ ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣ በየመሠረቱ ላይ ያስቀምጥ ጀመር።

ቀዩ ጠጠር ከላይ፣ ከሁሉ የተሻለው አለት ላይ ዐረፈ። የኔ ቁልፍ ከታች፣ ምንጩ ከነበረበት ላይ ተቀመጠ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። አያ ቢተው ግን ጠጠራቸውን አንስተው መጡ።

«እትየ ይታይሽ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ አንቱ ልጅ ያሳድጋሉ። እንለዋወጥ።»

«ያስቀመጠው መንገደኛው ነው» አልኩ።

«መንገደኛው ሄዷል፤ አይሰማም።»

«እኔ እሰማለሁ።»

«አይፈሩም?»

«እፈራለሁ እንጂ። ግን ዛሬ ብንለዋወጥ፣ አንቱ እዚህ ያሠሩትን ራስዎ አላመኑበትም ማለት ነው። ታች የደረሳቸው ሌሎቹ ሦስቱ ምን ይበሉ?»

አያ ቢተው ጠጠራቸውን ኪሳቸው ከተው ወደ ላይ ሄዱ።

ግድግዳው በሚቀጥለው በጋ ተሠራ። ሰኔ ሳይገባ ትርንጎን ይዤ ገባሁ። ክረምቱ ከበደ። ሐምሌ ላይ ዘጠኝ ቀን ሳያባራ ዘነበ። ለትርንጎ ምንም አላልኳትም፤ እሷ ስትተኛ እኔ ግድግዳውን በእጄ እየዳሰስኩ ማዕዘን ማዕዘኑን ስዞር አነጋለሁ። ሲንጣጣ ልሰማ ጆሮዬን እተክላለሁ። በዘጠነኛው ቀን ቁጭ ብዬ እንኳ ማንቀላፋት አቃተኝ።

በዚያ ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ አያ ቢተው መጡ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ይግቡ ብላቸው አልገቡም። ቤቱን በውጭ ዞሩት፤ ቦዩን አዩ፣ ጎርፉ ወደ ታች ሲሄድ ቆመው አዳመጡ፣ መሠረቱን ከታች ከታች በጣታቸው ዳሰሱ። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሁለተኛ ዞሩ።

«ምን አዩ?» አልኳቸው።

«ምንም» አሉ።

በሕይወቴ ከሰማሁት ቃል ሁሉ እንደሱ ያለ የለም። እሳቸው አሥራ ሁለት ሰው ለወራት ያስለፉት፣ የተጠረጠሩት፣ የተሰደቡት ለዚያች አንዲት ቃል ነበር፤ ማንም አይቶ የማያመሰግናት፣ ለቅሶ ቤት የማትነሳ።

«እንግዲህ ይተኙ» አሉኝና ጭቃውን እየቀደዱ ዳገቱን ወጡ።

ዝናቡ እየወረደ፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ በቀን ብርሃን ተኛሁ።